አገሩን ከፍቶ መሬቱን ያልሸጠ ሰው፤ የሙትሱ ሙኔሚትሱ ታሪክ

ስለ ጃፓን መሠልጠን በተነሣ ቍጥር አብዛኞቻችን የምንጠራው ባቡሩን፣ ፋብሪካውንና የጦር መርከቡን ነው። በ1905 በሩሲያ ላይ የተገኘውን ድልማ የማያነሣ የለም። ከዚህ ድል አስቀድሞ ግን ጃፓን በወረቀትና በቀለም የተሟገተችበት፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮቿ አንድ በአንድ ሳይፈጽሙት ከሥልጣን የወረዱበት፣ ከነዚህም አንደኛው እግሩን ያጣበት ረጅም ክርክር ነበረባት። ክርክሩም፣ በጃፓን ምድር የሚኖረውን የውጭ አገር ሰው የሚዳኘው ማን ነው? ያ ሰውስ የጃፓንን መሬት ገዝቶ ባለርስት መሆን ይችላል ወይ? የሚል ነው። ነገሩን ከዳር ያደረሰው ሰው ሙትሱ ሙኔሚትሱ ይባላል። የጃፓን ልጆች በትምህርት ቤት ስሙን ያጠናሉ፤ እኛ ግን ስለ ዲፕሎማሲ ስንነጋገር ከቢስማርክና ከካቩር አልፈን አንሄድም። በዚህ ጽሑፍ ሕይወቱን በአጭሩ እንተርካለን፤ የመሬቱን ነገር ግን አናሳጥረውም። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

ሙትሱ በ1844 በኪዪ ግዛት በዋካያማ ከተማ ተወለደ። አባቱ ዳቴ ሙኔሂሮ ታሪክ ጸሐፊ ከመሆኑም በላይ የግዛቱን የገንዘብ ጉዳይ የሚመራ ትልቅ ሳሙራይ ነበር። ሳሙራይ ማለት ከመስፍኑ ቀለቡን በሩዝ እየተቀበለ በጦርም በጽሕፈትም የሚያገለግል መኰንን ነው። በ1852 ልጁ ገና የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ በግቢ ሽኵቻ ከሹመቱ ወድቆ ታሰረ፤ ቤተ ሰቡም ከከተማው ተባረረ። ትላንት ደጅ ይጠናበት የነበረው ቤት ዛሬ የሚበላው አጣ። ሙትሱ በኋላ ዘመኑ ሹመትን አጥብቆ የሚፈልግ፣ ሹመቱንም የሰጡትን ሰዎች ከቶ የማያምን ሰው የሆነው ከዚህ የተነሣ ይመስለናል።

በጕርምስናው ወደ ኤዶ፣ ማለት ወደ ዛሬይቱ ቶኪዮ ሄደ። ከዚያም በኮቤ በካትሱ ካይሹ ሥር በተከፈተው የባሕር ኀይል ትምህርት ቤት ገባ፤ በዚህም ሳካሞቶ ርዮማ ከሚባለው ዝነኛ ወጣት ጋር ተዋወቀ። ርዮማ በናጋሳኪ የመርከብና የንግድ ማኅበር ባቋቋመ ጊዜ ሙትሱ ከቅርብ ረዳቶቹ አንዱ ሆነ። በ1867 ርዮማ በኪዮቶ በነፍሰ ገዳዮች እጅ በሞተ ጊዜ፣ ሙትሱና ጓደኞቹ በጠረጠሩት ሰው ላይ ሌሊት አንድ የእንግዳ ማረፊያ ቤት ሰብረው ገብተው ተዋጉ። በኋላ በጠረጴዛ ዙሪያ ቃላት የሚመዝነው ዲፕሎማት በሃያ ሦስት ዓመቱ እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

በሚከተለው ዓመት የሾጉኑ መንግሥት ወድቆ የንጉሠ ነገሥት ሜጂ መንግሥት ተመሠረተ። ሙትሱም በአዲሱ መንግሥት የውጭ ጉዳይ ሥራ ውስጥ ገባ። ዳሩ ግን የወንዝ ልጅነት በኛ ዘንድ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። ሥልጣኑን የያዙት የሳትሱማና የቾሹ ግዛት ሰዎች ሲሆኑ፣ ሙትሱ ደግሞ የወደቀው የሾጉን ዘር ቅርንጫፍ ከገዛት ከኪዪ የመጣ ነው። በእውቀቱ ይፈልጉታል፤ በትውልዱ ያርቁታል።

በ1871 የካናጋዋ አገረ ገዥ ሆኖ ተሾመ። ይህች ሹመት ለታሪካችን ትልቅ ቦታ አላት፤ ዮኮሃማ ያለችው በዚህ ግዛት ውስጥ ነውና። ዮኮሃማ ምን ትመስል እንደ ነበር ለመረዳት ወደ 1858 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት የሾጉኑ መንግሥት የአሜሪካን መርከቦች ፈርቶ ከአሜሪካ፣ ከሆላንድ፣ ከሩሲያ፣ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጋር ውል ተፈራረመ። በውሉ መሠረት የውጭ አገር ሰው በጃፓን ዳኛ ፊት አይቀርብም፤ የሚዳኘው ቆንስሉ ነው። ጃፓን በገዛ ወደቧ የምትቀበለውን ቀረጥ ብቻዋን መወሰን አትችልም፤ በ1866 በተደረገ ስምምነትም ቀረጡ በአብዛኛው ከመቶ አምስት ላይ ተቸነከረ። ለዚህ ሁሉ የውጭ አገር ሰዎች የከፈሉት ዋጋ አንድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም በተከፈቱት ወደቦች በተለየ ሰፈር መቀመጥና ከወደቡ ከዐሥር ሪ፣ ማለት ከአርባ ኪሎ ሜትር ያህል በላይ ያለ ፈቃድ ወደ ውስጥ አለመዝለቅ ነው።

በሰፈሩም ቢሆን መሬቱን መግዛት አልተፈቀደላቸውም። ቤቱ የራሳቸው ሲሆን መሬቱ ከጃፓን መንግሥት የተከራየ ነበር። የኪራዩ ዘመን ግን ማለቂያ አልነበረውም፤ ስለዚህም የዘለዓለም ኪራይ ተባለ። ተከራዩ ለልጁ ያወርሰዋል፣ ለሌላ ነጋዴ ይሸጠዋል፤ ክርክር ቢነሣ ተከሳሹ ወደ ቆንስሉ ይሄዳል። በስሙ ኪራይ፣ በግብሩ ርስት ነው። ሙትሱ አገረ ገዥ በነበረ ጊዜ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ወታደሮች በዮኮሃማ ኰረብታ ላይ ሰፍረው ይገኙ ነበር፤ የወጡት በ1875 ነው። አገረ ገዥው በገዛ ከተማው በአንዱ ሰካራም መርከበኛ ላይ እንኳ መፍረድ አይችልም ነበር።

እንዲህ ያለው ዳኝነት ለአንባቢዎቻችን እንግዳ ነገር አይደለም። በ1908 አገራችን ከፈረንሳይ ጋር የተፈራረመችው የክሎቡኮቭስኪ ውልም የፈረንሳይን ዜጎች ክርክር ከቆንስሉ ሥልጣን ጋር ያያዘ ነበር፤ ሌሎችም መንግሥታት ለአንዱ የተሰጠው ለኛም ይሰጠን እያሉ ተጠቅመውበታል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ወደ ጃፓን በመልእክት በሄዱ ጊዜ ያዩት ፋብሪካ ብቻ ሳይሆን ከዚህ ዓይነቱ ቀንበር ከወጣ ሠላሳ ዓመት ያለፈው መንግሥትም ነበር።

ወደ ሙትሱ እንመለስ። ከካናጋዋ ቀጥሎ በ1872 የግብር መሥሪያ ቤት ዋና ኀላፊ ሆነና የጃፓንን የመሬት ሥርዐት ከመሠረቱ በለወጠው ሥራ ላይ ዋና ተካፋይ ሆነ። ከ1643 ጀምሮ የእርሻ መሬት መሸጥ በሕግ ተከልክሎ ነበር፤ ይህ ክልከላ በ1872 ተነሣ። ለባለ መሬቱ የባለቤትነት ወረቀት ተሰጠው። በ1873 በወጣው ሕግም ግብር በሩዝ መክፈሉ ቀርቶ ከመሬቱ ዋጋ ከመቶ ሦስት እጅ በገንዘብ እንዲከፈል ተደረገ። መሬት እንግዲህ እንደ ማንኛውም ዕቃ በገበያ የሚሸጥና የሚለወጥ ሆነ ማለት ነው። ግን ለማን? ለጃፓናዊ ብቻ። በዚያው ዘመን የወጣው ደንብ መሬትንም ሆነ የባለቤትነቱን ወረቀት ለውጭ አገር ሰው መሸጥና በመያዣ መስጠት ከለከለ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ገበሬው ወረቀቱን በማግኘቱ ደስ አለው፤ ግብሩ ግን ከበደው። አዝመራ ቢበላሽም ግብሩ አይቀነስም፤ የሩዝ ዋጋ ቢወድቅም ገንዘቡ ያው ነው። በ1876 በኢባራኪና በሚኤ ገበሬዎች ዐመፁ፤ መንግሥትም በ1877 ግብሩን ወደ ሁለት ተኩል ዝቅ አደረገ። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ገንዘብ በጠፋ ጊዜ ብዙው ገበሬ መሬቱን በዕዳ ለአበዳሪ እያስረከበ ጭሰኛ ሆነ። መሬት ከተሸጠ ወዴት እንደሚሄድ የጃፓን ሕዝብ በዓይኑ አየ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባዕድ መሬት ይግዛ አይግዛ የሚለው ክርክር በተነሣ ጊዜ ያን ያህል እሳት የሆነውም የራሱ አገር አበዳሪ ያደረገውን ስላየ ነው።

ሙትሱ ሥራው ሳይፈጸም በ1874 በሳትሱማና በቾሹ ሰዎች አድልዎ ተቈጥቶ ሹመቱን ተወ። በ1877 የሳትሱማ ዐመፅ በተነሣ ጊዜም ከቶሳ ግዛት ሰዎች ጋር ሆኖ መንግሥቱን ለመገልበጥ ተማከረ። ምክሩ ተገለጠና በ1878 አምስት ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ መጀመሪያ በያማጋታ፣ ቀጥሎም በሴንዳይ ወህኒ ቤት ተቀመጠ። በወህኒ ቤት ያደረገው ነገር የተማሪን ልብ የሚነካ ነው። የእንግሊዛዊውን የጄረሚ ቤንታምን የሕግና የሥነ ምግባር ፍልስፍና መጽሐፍ ወደ ጃፓንኛ ተረጐመ። ሕግ የሚመዘነው በሚያመጣው ጥቅም እንጂ በዕድሜው አይደለም የሚለውን ትምህርት ያገኘው በእስር ቤት መብራት ነው። ትርጕሙ ከወጣ በኋላ በ1883 እና በ1884 ታተመ።

ምሕረት ተደርጎለት ከተፈታ በኋላ ወዳጁ ኢቶ ሂሮቡሚ ወደ አውሮጳ ሄዶ እንዲማር ረዳው። ከ1884 እስከ 1886 በለንደን የፓርላማን አሠራር፣ በቪየና ደግሞ ከሎሬንዝ ፎን ሽታይን ዘንድ የመንግሥትን አስተዳደር ተማረ። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ወህኒ ቤት የታሰረ፣ ሳንባው የታመመ ሰው ደብተር ይዞ መምህር ፊት መቀመጡን ስናስብ የእኛ የፈተና ምሬት ያሳፍረናል።

በተመለሰበት ዓመት ጥቅምት ላይ ኖርማንተን የሚባል የእንግሊዝ መርከብ በትውልድ አገሩ በኪዪ ጠረፍ ሰጠመ። ካፒቴኑና አብዛኞቹ አውሮጳውያን መርከበኞች በጀልባ ወጡ፤ ሃያ አምስቱ ጃፓናውያን ተሳፋሪዎች ግን አንድም ሳይተርፉ ሰጠሙ። በኮቤ የእንግሊዝ ቆንስል የተቀመጠው ሸንጎ ካፒቴኑን ነጻ አወጣው፤ ሕዝቡ በመጮኹ ምክንያት ጉዳዩ በዮኮሃማ እንደ ገና ታይቶ የሦስት ወር እስራት ተፈረደበት። ከዚህ በኋላ የቆንስል ዳኝነት ምን ማለት እንደ ሆነ በጃፓን ውስጥ ማስረዳት አላስፈለገም።

በዚያን ጊዜ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው ኢኖዌ ካኦሩ የመንግሥታቱን መልእክተኞች በቶኪዮ ሰብስቦ ይደራደር ነበር። የእርሱ ሐሳብ አገሩን ሁሉ ለውጭ አገር ሰዎች መክፈት፣ በለውጡም በጃፓን ፍርድ ቤቶች የውጭ አገር ዳኞች ተቀላቅለው እንዲፈርዱ መፍቀድ ነበር። ፈረንሳዊው የሕግ አማካሪ ቦአሶናድ ሳይቀር ይህ ከቀድሞው የባሰ ነው ብሎ ተቃወመ፤ ኢኖዌም በ1887 ወረደ። ተተኪው ኦኩማ ሺጌኖቡ ከያንዳንዱ መንግሥት ጋር ለየብቻ መደራደርን መረጠ። ነገር ግን በጠቅላይ ፍርድ ቤት የውጭ አገር ዳኞች እንደሚቀመጡ፣ የውጭ አገር ሰውም መሬት ለመያዝ እንደሚችል የሚያሳየው ረቂቅ በ1889 በለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ በኩል ተሰማ። በጥቅምት ወር ኩሩሺማ የሚባል ወጣት በኦኩማ ሠረገላ ላይ ቦምብ ጣለና እዚያው ራሱን ገደለ። የኦኩማ ቀኝ እግር ተቈረጠ፤ ድርድሩም አብሮ ተቈረጠ። ቀጥሎ የመጣው አኦኪ ሹዞ የውጭ ዳኞቹን ሰረዘ፤ የቆንስል ዳኝነት እስካልቀረ ድረስም ለባዕድ የመሬት ባለቤትነት አይሰጥም አለ። እርሱም ነገሩን ሳይጨርስ፣ በ1891 የሩሲያን አልጋ ወራሽ አንድ ፖሊስ በኦትሱ ከተማ በሰይፍ በማቍሰሉ ምክንያት ከሥልጣኑ ወረደ።

ሙትሱ ይህን ሁሉ ያየው ከሩቅ ነበር፤ በ1888 በዋሽንግተን ሚኒስትር ሆኖ ተሹሟልና። ባለቤቱ ርዮኮ በከተማው ከበሬታ ያተረፈች ብልኅ ሴት ነበረች። እርሱ ግን በግብዣዎቹ መካከል ማንም ያላስተዋለውን ሥራ ሠራ። ኖቬምበር 30 ቀን 1888 ከሜክሲኮ መልእክተኛ ከማቲያስ ሮሜሮ ጋር ውል ተፈራረመ። በዚህ ውል የሜክሲኮ ዜጎች በጃፓን ውስጥ በፈለጉበት ሊኖሩ ይችላሉ፤ በምላሹም በጃፓን ሕግና በጃፓን ዳኛ ሥር ይሆናሉ። ጃፓን ከአንድ የምዕራብ መንግሥት ጋር በእኩልነት የተፈራረመችው የመጀመሪያው ውል ይህ ነው። በጃፓን የሚኖር የሜክሲኮ ሰው ግን ፈልጎም አይገኝም ነበር! ሙትሱም ይህን አያጣውም። የፈለገው ለትልልቆቹ መንግሥታት ምሳሌ ማሳየት ነው። እናንተም አገሩ ይከፈትልን የምትሉ ከሆነ ዋጋው ይኸው፤ ቆንስላችሁን ከፍርድ ወንበር አውርዱ ማለቱ ነበር።

በ1890 ወደ አገሩ ተመልሶ የእርሻና የንግድ ሚኒስትር ሆነ። በዚያው ዓመት በተደረገው የመጀመሪያ የፓርላማ ምርጫም ከዋካያማ ተመረጠ፤ ከሚኒስትሮቹ መካከል የሕዝብ እንደራሴ የነበረ እርሱ ብቻ ነው። ለአእምሮው ስለትነት ምላጭ የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። ነገር ግን ታሪኩን ስንጽፍ ጕድፉን መሸፈን አይገባንም። በአሺዮ የመዳብ ማዕድን የሚወጣው መርዝ የዋታራሴን ወንዝ ተከትሎ የገበሬዎችን እርሻ ያጠፋ ነበር። እንደራሴው ታናካ ሾዞ በ1891 በምክር ቤት ተነሥቶ መንግሥት ስለ ምን ዝም ይላል ብሎ በጠየቀ ጊዜ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሚኒስትር ሙትሱ ነበር። የማዕድኑ ባለቤት የፉሩካዋ ቤት ደግሞ የሙትሱን ሁለተኛ ልጅ በማደጎ የወሰደ ቤት ነው። ለገበሬዎቹ የሚበቃ መልስ አልተሰጠም። መሬትን ከባዕድ ለመጠበቅ የተጋው ሰው ከአገሩ ባለጠጋ ለመጠበቅ ያን ያህል አለመትጋቱን ልብ እንበል።

በኦገስት 1892 ኢቶ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ሲመለስ ሙትሱን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አደረገው። ሙትሱም በ1893 አዲስ ረቂቅ ለካቢኔው አቀረበ። ዋናው ሐሳቡ እንዲህ ነው። ጃፓን ከእንግዲህ የውሉን አንድ አንድ አንቀጽ ለመጠገን አትለምንም፤ ሙሉ በሙሉ እኩል የሆነ አዲስ ውል ታቀርባለች። የቆንስል ዳኝነት ይቀራል፤ የውጭ አገር ዳኛ የሚባል ነገር አይነሣም። አገሩ ሁሉ ይከፈታል። የውጭ አገር ሰው ቤት፣ ፋብሪካ፣ መጋዘንና ሱቅ የራሱ ሊያደርግ ይችላል፤ መሬትን ግን ለመኖሪያና ለንግድ ይከራያል እንጂ አይገዛም። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ቢያንስ አምስት ዓመት ሳያልፍ አይጸናም፤ በዚህ ጊዜ ጃፓን የሕግ መጻሕፍቷን ታሰናዳለች።

መቼም የውጭ መንግሥታት ይቃወሙታል ብሎ የሚጠብቅ ሰው አይሳሳትም፤ ግን የበረታው ተቃውሞ የመጣው ከገዛ ምክር ቤቱ ነበር። ብዙ እንደራሴዎች የውጭ አገር ሰው ከጃፓናዊ ጋር ተቀላቅሎ መኖሩን ፈሩ። በገንዘቡ ብዛት መሬቱን፣ ማዕድኑንና ንግዱን ይወስድብናል፤ መግዛት ቢከለከል እንኳ በጃፓናዊ ስም ይገዛል አሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም፤ ከላይ እንዳልነው ገበሬው መሬቱን እንዴት እንደሚያጣ አይተዋል። መድኀኒት ብለው ያመጡት ነገር ግን ያስገርማል። ያለው ውል ቃል በቃል ይፈጸም፤ የውጭ አገር ሰው ከሰፈሩ እንዳይወጣ እናጥብቀው፤ ያን ጊዜ ጨንቆት ራሱ አዲስ ውል ይለምነናል አሉ።

ሙትሱ ዲሴምበር 29 ቀን 1893 በምክር ቤቱ ቆሞ ተናገራቸው። የንግግሩ ፍሬ ይህ ነበር፤ የምትጠሉትን ውል ቃል በቃል መፈጸም ማለት የምትጠሉትን ማጽናት ነው፤ በርን ዘግቶ የኖረ መንግሥት ምን እንዳገኘው የሾጉኑ ታሪክ ያስተምራችኋል። በማግስቱ ምክር ቤቱ ተበተነ። በእኛ አስተያየት ሙትሱ ከተቃዋሚዎቹ የተለየው ስለ መሬት ግድ ባለማጣቱ አይደለም። መሬቱን የሚያስጠፋው የባዕዱ መግባት ሳይሆን ባዕዱ ይዞት የሚገባው ዳኛ መሆኑን በማወቁ ነው። በቆንስል ሥር ያለ ሰው አንድ ጋሻ መሬት ቢገዛ ያ ጋሻ ከአገሩ ሕግ ወጣ ማለት ነው፤ ዮኮሃማ ለዚህ ምስክር ነበረች። በአገሩ ዳኛ ሥር ያለ ተከራይ ግን ባለጠጋም ቢሆን ተከራይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ዳኝነቱን መያዝ፤ ባለቤትነቱን ግን በእጅ አስቀርቶ ለሌላ ቀን ድርድር ማቈየት።

ድርድሩ በለንደን እንዲካሄድ አኦኪ ተመረጠ። ሙትሱ ቀድሞ የወደቀውን ሰው መልሶ መላኩ ብልኅነት ነው፤ አኦኪ የእንግሊዞቹን ልብ ያውቅ ነበርና። እንግሊዝም ከ1891 ጀምሮ ሩሲያ በሳይቤሪያ የምትዘረጋውን የባቡር ሐዲድ በሥጋት ትመለከት ስለ ነበር፣ በሩቅ ምሥራቅ ወዳጅ መፈለጓ አልቀረም። የእንግሊዝ ነጋዴዎች በዮኮሃማና በኮቤ ቢጮኹም ለንደን በጊዜው የምታስበው ከነሱ ሱቅ ይልቅ ስለዚያ ሐዲድ ነበር።

በማርች 1894 ሙትሱ ለአኦኪ የጻፈው ደብዳቤ ሰውየውን ራቁቱን ያሳያል። የአገር ውስጥ ፖለቲካ እጅግ መክፋቱን፣ ሕዝቡን የሚያስደንቅ አንድ ትልቅ ነገር ካልተደረገ መንግሥት እንደማይቆም፣ ያለ ምክንያት ጦርነት መጀመር ስለማይቻልም ያለው ተስፋ የውሉ መታደስ ብቻ መሆኑን ገለጠለት። ጁን 2 ምክር ቤቱ እንደ ገና ተበተነ፤ በዚያው ቀን ካቢኔው ወደ ኰሪያ ጦር እንዲላክ ወሰነ። ጦርነቱም ውሉም በአንድ ወር ውስጥ ሊመጡ ሆነ።

ሊፈረም ሁለት ቀን ያህል ሲቀረው ድንገት ዕንቅፋት ተነሣ። የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሎርድ ኪምበርሊ፣ ጃፓኖች የኰሪያ መንግሥት ቀጥሮት የነበረ አንድ የእንግሊዝ የባሕር ኀይል መምህር እንዲባረር ጠይቀዋል የሚል ወሬ ሰምቶ፣ ይህ ሳይጣራ አልፈርምም አለ። ሙትሱ ነገሩን ለማጣራት ጊዜ አልነበረውም፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልቀረበም ብሎ ወዲያው በቴሌግራም መለሰ። ጁላይ 16 ቀን 1894 አኦኪና ኪምበርሊ ፈረሙ። ቴሌግራሙ በማግስቱ ጧት ሲደርሰው ሙትሱ ገላውን ታጥቦ ልብሱን ለውጦ ወደ ቤተ መንግሥት ሄዶ ለንጉሠ ነገሥቱ አስታወቀ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ የጃፓንና የቻይና መርከቦች በኰሪያ ባሕር ተታኰሱ።

ጦርነቱ የራሱ ታሪክ ስላለው እናልፈዋለን። ጃፓን አሸነፈች፤ ኢቶና ሙትሱ በሺሞኖሴኪ ከሽማግሌው ከሊ ሁንግ ቻንግ ጋር ተቀመጡ። በድርድሩ መካከል አንድ ጃፓናዊ ሊን በሽጕጥ ፊቱ ላይ አቈሰለው፤ ሙትሱም ዓለም ከመፍረዱ በፊት ብሎ ተኩስ እንዲቆም አስወሰነ። አፕሪል 17 ቀን 1895 በተፈረመው ውል ቻይና ታይዋንን፣ የፔስካዶርን ደሴቶችና የልያኦቱንግን ምድር ለመልቀቅ፣ 200 ሚሊዮን ታኤል ካሣም ለመክፈል ተገደደች። ስድስት ቀን ሳይቈይ ሩሲያ፣ ጀርመንና ፈረንሳይ ተባብረው ልያኦቱንግን መልሱ አሉ፤ ሙትሱ በማይኮ በሕመም አልጋ ላይ ሆኖ ከኢቶ ጋር ተማክሮ መመለሱን ተቀበለ።

እኛን የሚያሳስበን ግን ያው የመሬቱና የዳኝነቱ ነገር ነው። በዚህ ውልና በ1896 በተከተለው የንግድ ውል ጃፓናውያን በቻይና ወደቦች ፋብሪካ የመትከል፣ በሰፈራቸውም በገዛ ቆንስላቸው ብቻ የመዳኘት መብት አገኙ። ጃፓን ራሷ በ1858 የተቈጣችበትን ቀንበር በ1876 በኰሪያ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ደግሞ በቻይና አንገት ላይ አኖረች። የሙትሱ አድናቂዎች ዘመኑ እንዲህ ነበር ይላሉ። ይሁን፤ ግን የዮኮሃማ አገረ ገዥ የነበረ ሰው የሱቾው ወይም የሃንግቾው አገረ ገዥ ምን እንደሚሰማው ለማወቅ መጽሐፍ ማንበብ አያስፈልገውም ነበር።

ሳንባ ነቀርሳው እየጸናበት በሄደ ጊዜ በኦኢሶ የባሕር ዳር ቤቱ ተቀምጦ የጦርነቱንና የውሉን ዲፕሎማሲ ታሪክ ኬንኬንሮኩ በሚል ስም ጻፈ። መጽሐፉ ምስጢር ተብሎ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተይዞ ለሕዝብ የወጣው በ1929 ነው። በሜይ 1896 ሥልጣኑን ለቀቀ፤ ኦገስት 24 ቀን 1897 በቶኪዮ በኒሺጋሃራ በሚገኘው ቤቱ በ53 ዓመቱ ሞተ። ቤቱም በማደጎ በተሰጠው ልጁ በኩል ወደ ፉሩካዋ ቤት ገባ።

አዲሱን ውል በሥራ ላይ ሲውል አላየውም። ጁላይ 17 ቀን 1899 የእንግሊዝ ቆንስሎች ከፍርድ ወንበር ወረዱ፤ አገሩም ተከፈተ። የተፈራው የባዕዳን ጐርፍ አልመጣም። ቀረጧን በሙሉ ነጻነት የመወሰን መብት ጃፓን ያገኘችው በኮሙራ ጁታሮ ጊዜ በ1911 ነው። ሙትሱ ለሌላ ቀን ያቈየው የመሬት ባለቤትነትም እስከ 1925 ድረስ ቈየ፤ በዚያ ዓመት በወጣው ሕግ የውጭ አገር ሰው መሬት የመያዝ መብት የራሱ አገር ለጃፓናውያን ከሚሰጠው መብት ጋር እንዲነጻጸር ሆነ። ምክንያቱም ጕዳዩ ተገልብጦ ነበር። በ1913 የካሊፎርኒያ ምክር ቤት የአሜሪካ ዜግነት ሊያገኙ የማይችሉ ሰዎች የእርሻ መሬት እንዳይገዙ የሚከለክል ሕግ አወጣ፤ የታሰቡትም በዋናነት ጃፓናውያን ገበሬዎች ነበሩ። አሁን መሬት እንድንገዛ ይፈቀድልን ብለው በዋሽንግተን ደጅ የሚጠኑት የጃፓን አምባሳደሮች ሆኑ። በአገራችንም በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የውጭ አገር ሰው ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ደንግጓል።

ከሙትሱ ሥራ ደካማ ሆኖ የተገኘው ትንሽ መስሎ የታየው አንቀጽ ነው። ውሉ የውጭ አገር ሰዎችን ሰፈር ወደ ጃፓን ከተሞች ሲያጠቃልል፣ ቀድሞ የተሰጡት የዘለዓለም ኪራዮች እንዲጸኑ፣ በነሱም ላይ ከቀድሞው ሌላ ግዴታ እንዳይጨመር ይል ነበር። ለንደንን ለማስፈረም የተከፈለ ዋጋ መሆኑ ነው። የጃፓን መንግሥት በእነዚህ መሬቶች ላይ ባሉት ቤቶች ግብር ሲጥል እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጀርመን ቤቱም ከመሬቱ ጋር ነው፣ ግብር የለብንም ብለው ተከራከሩ። ነገሩ በሄግ ወደሚገኘው የግልግል ዳኝነት ቀረበ። በሜይ 1905 ሦስቱ ዳኞች ፈረዱ፤ ሁለቱ ለመንግሥታቱ፣ ጃፓናዊው ሞቶኖ ብቻውን ለአገሩ። በዚያ በያዝነው ወር ጃፓን የሩሲያን መርከቦች በቱሺማ ባሕር አሰጠመች፤ ከዮኮሃማ ነጋዴዎች የቤት ግብር ግን መሰብሰብ አልቻለችም። የዘለዓለሙ ኪራይ እንዲቀር ስምምነት የተደረገው በ1937 ሲሆን፣ የተፋቀው በአፕሪል 1942 ነው፤ ሙትሱ ከሞተ አርባ አምስተኛ ዓመቱን ሊይዝ ነበር።